«የት ታወርጂዋለሽ?»

በ2016 ዓ.ም. የካቲት መገባደጃ ላይ ከናይሮቢ፣ ከኢስሊ የጫንኩትን ገበር፣ ዚፕና ቁልፍ ይዤ ሞያሌ ደርሼ ነበር። ዕቃው ፒያሳ ላለ አንድ የቆየ ደንበኛዬ የሚወርድ ነው። ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ማታ ሆቴል ቁጭ ብዬ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ በቴሌቪዥን አየሁ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የታሰበኝ ቅርሱ አይደለም፤ ገንዘቤ ነው። ባለፈው ዙር በዱቤ ያወረድኩት ዕቃ ነበር። ውል የለን፣ ዋስ የለን። የነበረን የጋሼ ደብተርና ያ ባለ እንጨት በረንዳ አሮጌ ቤት ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ መኖሪያቸው የት እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ምን አስጠየቀኝ? ሱቁ አለ።

ፒያሳ ራሱ ከገበያ የተወለደ ሰፈር ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የከተማው ትልቁ ገበያ እዚያው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ይውል ነበር። ህንዱም፣ አርመኑም፣ ግሪኩም በዙሪያው ሱቅ ከፈተ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ወደዛሬው መርካቶ ቢያዛውረውም ሱቆቹ ቀሩ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ደግሞ ብዙዎቹ የመንግሥት ሆኑ፤ ነጋዴው ተከራይ ሆነ። ቤቱ ሲፈርስ እንግዲህ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ተከራይ የሚያስረክበው ቁልፍ ነው እንጂ የሚሸጠው ግድግዳ የለውም።

አዲስ አበባ ስገባ ቦታው ፍርስራሽ ነው። የምጠይቀው ጎረቤት የለም። ቡና የምታፈላው ልጅም፣ ዕቃ የሚያወርዱልን ልጆችም ተበትነዋል። ጋሼ ሁሌ ጊዮርጊስን ተሳልመው ነበር ሱቅ የሚከፍቱትና፣ በማለዳ ሄጄ ደጁ ላይ ጠበቅኋቸው። በሦስተኛው ቀን መጡ። ከተማው ዳር ልጃቸው ቤት ገብተዋል፤ ስልካቸው ዕቃ ሲያወጡ በግርግሩ ጠፍቷል። ደብተሩ ግን በፌስታል ተጠቅልሎ እጃቸው ላይ ነው።

«ትመጪ ይሆናል ብዬ በየቀኑ ይዤው እወጣለሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

ግማሹን እዚያው ቆጠሩልኝ፤ ቀሪውን በሁለት ወር ውስጥ በልጃቸው በኩል ላኩልኝ።

«አዲሱን ገበርስ ላውርድልዎት?» አልኳቸው።

«የት ታወርጂዋለሽ?» አሉኝ።

ዕቃውን መርካቶ፣ ለማላውቀው ሰው በቅናሽ ሸጥኩት።

ዛሬ በዚያ ሳልፍ መንገዱ ሰፊ ነው፤ መብራቱም ያምራል፤ አልዋሽም። እኔ ግን አሁን ዱቤ ስሰጥ የመኖሪያ አድራሻ፣ የቤተሰብ ስልክና የሁለት ምስክር ፊርማ እቀበላለሁ። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ጋሼን ግን ያን ሁሉ ብጠይቃቸው ኖሮ ያፍሩብኝ ነበር።