«አባዬ፣ ቶሎ በል!» ማለት ያቆምኩበት ቀን

አባታችሁን ወይም እናታችሁን ለመጨረሻ ጊዜ «ቶሎ በሉ እንጂ!» ያላችሁት መቼ ነው? እኔ ቀኑን አልረሳውም። እሁድ ነበር፤ የዘመድ ሠርግ ተጠርተን አርፍደናል። እኔ የመኪናውን ሞተር አስነስቼ እጠብቃለሁ። አባቴ ከቤቱ በር እስከ መኪናው ያለችውን ሃያ እርምጃ የማትሞላ ርቀት እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ፣ ግድግዳውን በእጁ እየነካ ይመጣል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «አባዬ፣ ቶሎ በል እንጂ! ሁልጊዜ አንተን መጠበቅ ነው እንዴ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይመልስልኝ መንገዱን ቀጠለ።

ከሦስት ወር በኋላ የአባቴን የአንጎል ምስል ኮምፒውተር ላይ ሳይ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ አስተያየቱ ነው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬ 32 ነው፤ የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ቀኑን ሙሉ የማየው ቁጥር ነው፤ የትኛው ማስታወቂያ ስንት ሰው ጋ ደረሰ፣ የትኛው ምርት በየትኛው ወር ሽያጩ ወረደ። ሽያጭ ትንሽ ዝቅ ሲል በማግስቱ ስብሰባ የምጠራ ሰው ነኝ። አባቴ ግን ለሁለት ዓመት ያህል ዓይኔ እያየ ዝቅ ሲል «ምንድን ነው?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ለሁሉም ምልክት ስም ነበረን

አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሠፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ለዓመታት አገልግሏል። የወሩን ሒሳብ ለመዝጋት አንድ ምሽት ይበቃው ነበር። ቆየት ብሎ ግን ሦስት አራት ቀን ይፈጅበት ጀመር። ቁጥሩን አይሳሳትም፤ ነገር ግን መሐል ላይ ሰው ካናገረው የት ጋ እንዳቆመ ይጠፋበታል። በመጨረሻ «ለወጣቶቹ እንልቀቅላቸው» ብሎ መዝገቡን አስረከበ። እኛ ቤት የተወራው ግን ከዕድሩ ሊቀመንበር ጋር ተቀያይሞ ነው የሚል ነበር።

ሌላም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ እጥፍ ሆነ። ታክሲ ላይ ሲወጣ ረዳቱ ይነጫነጭበታል። ሌሊት ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስነሳዋል። ጨዋታ ወዳዱ ሰው ዝምተኛ ሆነ፤ ዜና ከፍቶ ሳያይ ይቀመጣል። እኛ ታዲያ ለእያንዳንዱ የየራሱን ስም ሰጠነው። እግሩን «ሪህ ነው»፣ ሽንቱን «ፕሮስቴት ነው»፣ ዝምታውን «አኩርፎ ነው»፣ የሒሳቡን ነገር «ሰልችቶት ነው» አልን። ጠቅለል ሲል ደግሞ «እርጅና ነዋ!»። የእናንተም ቤት ተመሳሳይ ስሞች ይኖሩት ይሆናል።

አንድ ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ የኮሪደሩ ምንጣፍ ጠልፎት ወደቀ። ቅንድቡ ላይ ተሰፋ። ከዚያ ወደ ነርቭ ሐኪም ተላክንና ኤምአርአይ ታዘዘለት።

የውጤቱን ወረቀት ከሐኪሟ በፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ። በነጩ የአንጎል ክፍል ላይ ለውጥ እንዳለ ይናገርና «ፋዜካስ 2» ይላል። ስልኬን አውጥቼ ስፈልግ ዓይኔ ያረፈው «የመርሳት በሽታ» እና «ስትሮክ» የሚሉት ቃላት ላይ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ። ለእናቴ «ገና አልደረሰም» ብዬ ዋሸኋት። ከእኔ ስህተት ተማሩ፤ የምርመራ ወረቀት ብቻችሁን መኪና ውስጥ አታንብቡ።

ሠፈሮቹ ደህና ናቸው፣ የተጎዳው መንገዱ ነው

ሐኪሟ ምስሉን ወደ እኛ አዞረችልንና በቀላሉ አስረዳችን። እኔም በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። አንጎልን እንደ አንድ ትልቅ ከተማ አስቡት። ግራጫው ክፍል ሥራው የሚሠራባቸው ሠፈሮች ናቸው። ነጩ ክፍል ደግሞ ሠፈር ከሠፈር የሚያገናኙት መንገዶች ናቸው። ከአንጎላችን ግማሽ ያህሉን የሚይዘው ይህ ክፍል ነጣ ብሎ የሚታየው ማይሊን የሚባል ቅባትነት ያለው ሽፋን የነርቭ ክሮቹን ስለሚጠቀልላቸው ነው። ሽፋኑ መልእክት በፍጥነት እንዲያልፍ ያደርጋል።

ለእነዚህ መንገዶች ደም የሚያደርሱት በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። የደም ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእነዚህ ጥቃቅን ሥሮች ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ ይጠባል። ደም በበቂ ሁኔታ የማይደርሰው የነጩ ክፍል አካባቢ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ጉዳቱ በኤምአርአይ ላይ ደመቅ ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ሆኖ ይታያል። ዕድሜና የደም ግፊት ዋነኞቹ ናቸው፤ ስኳር፣ ሲጋራ እና ከፍ ያለ ኮሌስትሮልም ያግዛሉ።

አባቴ ለምን ስም እንደማይረሳ፣ ነገር ግን ለምን እንደሚዘገይ ያን ጊዜ ገባኝ። ሠፈሮቹ ቦታቸው ላይ አሉ፤ መንገዱ ተቆፍሯል። ከፒያሳ ቦሌ መድረስ አልተከለከለም፤ በጥምዝምዝ ግን ነው የሚሄደው። እርምጃን ማስተካከል፣ ሽንትን መቆጣጠር፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ማሰብ፣ ለነገር መነሳሳት፣ እነዚህ ሁሉ በእነዚሁ መንገዶች የሚያልፉ መልእክቶች ናቸው። እኛ አራት ስም ከሰጠናቸው ምልክቶች ጀርባ አንድ ትልቅ ምክንያት ነበር።

«ፋዜካስ» ማለት እ.ኤ.አ. በ1987 ይህን መለኪያ ካወጡት ሐኪሞች የአንዱ ስም ነው። ከ0 እስከ 3 ይሄዳል፤ 1 ሲሆን ነጠብጣቦቹ የተበታተኑ፣ 2 ሲሆን መያያዝ የጀመሩ፣ 3 ሲሆን ሰፋ ብለው የተገናኙ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ አብዛኞቹ ሰዎች ላይ የተወሰነ ነጠብጣብ ይገኛል። ስለዚህ ወላጆቻችሁ ወረቀት ላይ ይህን ቃል ብታዩ ወዲያው አትደንግጡ። ለውጡ ሲሰፋ ለስትሮክና ለመርሳት በሽታ ያለውን ሥጋት ይጨምራል፤ በራሱ ግን አልዛይመር ማለት አይደለም። የምስሉን ትርጉም ከሰውየው ምልክት ጋር አስተያይቶ የሚናገር ሐኪም ነው።

«ሲያመኝ እወስዳለሁ»

ከዚያ ሐኪሟ ወደ አባቴ ዞር ብላ «አባባ፣ የግፊት መድኃኒትዎን በየቀኑ ይወስዳሉ?» አለችው።

«ሲያመኝ እወስዳለሁ» አላት፣ በኩራት።

እናቴና እኔ ተያየን። ግፊት እንዳለበት ከጀመረው ጊዜ አንሥቶ እናውቃለን። መድኃኒት እንደታዘዘለትም እናውቃለን። እኔ የጠየቅኩት ግን «መድኃኒት አለህ?» ብዬ እንጂ «ትወስዳለህ?» ብዬ አይደለም። ያን ቀን ሲለካ 168 በ94 ነበር። ግፊት ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ ምንም አያምም፤ «ሲያመኝ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሳያመው ይጎዳል።

«የተጎዳው ይመለሳል?» ብዬ ጠየቅኳት። አልዋሸችኝም፤ የተጎዳው በአብዛኛው እንዳለ እንደሚቀር፣ የሚጨምርበትን ፍጥነት ግን መቀነስ እንደሚቻል ነገረችኝ። በኋላ እንዳነበብኩት አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንት የተባለ ትልቅ ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ግፊት ያለባቸው ከ9,300 በላይ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። የአንደኛው ቡድን የላይኛው ግፊት ከ120 በታች፣ የሌላኛው ከ140 በታች እንዲሆን ታከሙ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት፣ በኤምአርአይ ከታዩት መካከል የነጩ ክፍል ጉዳት በሁለቱም ቡድን ጨምሯል፤ ግፊታቸው ይበልጥ ዝቅ ባለላቸው ላይ ግን የጨመረው በትንሹ ነው። ቀላል የማስታወስና የማሰብ ችግርም በእነሱ ላይ አንሶ ታይቷል። የመርሳት በሽታን በተመለከተ ግን ልዩነቱ እርግጠኛ ለመሆን አልበቃም። ይህ ማለት ሁሉም ሽማግሌ 120 ይግባ ማለት አይደለም። ቆም ሲሉ የሚያዞራቸው ሰዎች አሉ፤ ግፊት ከልክ በላይ ሲወርድም መውደቅ ያመጣል። ቁጥሩን የሚወስነው የሚያክመው ሐኪም ነው።

ቤታችን ውስጥ ምን ለወጥን?

መጀመሪያ ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ገዛን። ጠዋት መድኃኒት ከመውሰዱ በፊትና ማታ ይለካል። ከመለካቱ በፊት ጀርባውን ደገፍ አድርጎ፣ እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ሳያወራ አምስት ደቂቃ ይቀመጣል። ቁጥሩን እኔ ስልኬ ላይ ልመዘግብ ነበር፤ አባቴ ግን «መዝገብ የማን ሥራ ነው?» አለኝ። የሒሳብ ደብተር አስገዝቶኝ፣ መስመር አስምሮ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የላይኛው፣ የታችኛው፣ አስተያየት ብሎ ከፋፈለው። «አስተያየት» የሚለው ሥር አንዳንዴ «ልጄ ስላስጮኸችኝ ከፍ ብሏል» ብሎ ይጽፋል።

ሁለተኛ፣ ጨው። ሽሮው ላይ፣ ወጡ ላይ፣ የታሸገ ምግብ ላይ ያለው ሲደመር ብዙ ነው። እናቴ ቀስ በቀስ ቀነሰች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም አላስተዋለም። ሦስተኛ፣ እንቅስቃሴ። በየቀኑ አመሻሽ ላይ ከአንዳችን ጋር በእግር ይወጣል። ጫማው ተረከዙን የሚይዝ ሆኗል፤ ነጠላ ጫማ ቀርቷል። አራተኛ፣ ቤቱ። የኮሪደሩ ምንጣፍ ተነሣ፣ ወደ መታጠቢያ ቤት በሚወስደው መንገድ የሌሊት መብራት ተደረገ፣ መጸዳጃው አጠገብ መያዣ ብረት ተገጠመ። ዓይኑና ጆሮው ተመረመሩ፤ ስኳሩ፣ ኮሌስትሮሉ እና የቫይታሚን ቢ12 መጠኑም ታየ።

ሁለት ነገር ደግሞ በተለይ ልንገራችሁ። አንደኛው፣ በጾም ወይም በጸበል ጊዜ መድኃኒት የሚያቋርጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። አባቴም አንዱ ነበር። አትቆጧቸው፤ ሐኪሙ ሰዓቱን ከጾሙ ጋር እንዲያስማማላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የንስሐ አባታቸው «መድኃኒትህን ውሰድ» ቢሏቸውም ከእኛ ይልቅ ይሰሟቸዋል። ሁለተኛው፣ «ደም ያቀጥናል» ተብሎ አስፒሪን በራሳችሁ አታስጀምሩ። የደም መፍሰስ ሊያመጣ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነገር አይደለም። በድንገት ፊት ከጠመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ግን ያ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ነገ እናየዋለን አይባልም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

ሌላው ለውጥ የእኔ ነው። አሁን አባቴን አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቀውና እጠብቃለሁ። ድሮ መልሱ ሲዘገይ ሁለተኛውን አስከትል ነበር፤ እሱም በሁለቱ መካከል ይጠፋል። አሁን በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ብዙ ጊዜ ሰባት ላይ ስደርስ መልሱ ይመጣል። ሲራመድም አላወራውም፤ ማውራት ሲፈልግ ቆም እንላለን።

መለኪያው በተገዛ ቀን ለቀልድ እኔም ተለካሁ። 136 በ88 አለኝ። መልሼ ተለካሁ፤ ያው ነው። በ32 ዓመቴ! ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ክትትል ጀመርኩ። በወጣትነትና በጎልማሳነት ዕድሜ ችላ የተባለ ግፊት ነው በ70 ዓመት ኤምአርአይ ላይ የሚታየው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ አሁን የእኔም ዓምድ አለ፤ አባቴ ነው የሚቆጣጠረኝ።

በቅርቡ አመሻሽ ላይ አብረን ስንራመድ ያን እሁድ አነሣሁበት። «አባዬ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ የጮኽኩብህን ቀን ታስታውሳለህ? ይቅርታ» አልኩት። ቆመ። እኔም መቁጠር ጀመርኩ። ስምንት ላይ ስደርስ «እኔም እኮ እግሬን ቶሎ በል እለው ነበር፤ አልሰማ ብሎኝ ነው» ብሎ ሳቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ያውቀው ነበር ማለት ነው።

አባቴ የዕድሩን መዝገብ አልተረከበም። የአሁኑ ገንዘብ ያዥ ግን በወሩ መጨረሻ ቤታችን ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፣ አባቴ መነጽሩን አድርጎ ሒሳቡን ያይለታል። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ማንም አይቸኩልም። የግፊት ደብተሩ ላይ ያለፈው ወር አማካይ 134 በ78 ነው።

የፊታችን እሁድ ወላጆቻችሁ ቤት ስትሄዱ ከፍራፍሬው ጋር የግፊት መለኪያ ያዙ። «ለምን ትዘገያለህ?» ከማለታችሁ በፊት ለኩላቸው፤ መድኃኒት ካላቸውም «ዛሬ ወሰድክ? ትናንትስ?» በሏቸው። ከዚያ ዝም ብላችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ።