ቃሬን በማኪያቶ ሳወራርድ

እስቲ አንድ ጉዴን ላውጋችሁ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት ነው። ሥራዬ ፒያሳ ነበር። ቁርስ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ማኪያቶ፣ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ጥብስና ድራፍት። ታዲያ ደረቴን እሳት ሲለበልበኝ፣ ቃሩ ጉሮሮዬ ድረስ ሲወጣ፣ ኦሜፕራዞሏን ከኪሴ መዥረጥ ነው። ያውም ቶሎ ትሥራ ብዬ ካፕሱሏን ፈልቅቄ፣ ፍሬዎቿን በጥርሴ ደቁሼ፣ በማኪያቶ!

ይህንኑ እዚያው አራዳ ለምትሠራ ፋርማሲስት ስነግራት ሳቋ አመለጣት። «ወንድሜ፣ መድኃኒቱን የምትገድለው እኮ አንተው ነህ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጨጓራችን ግድግዳ ውስጥ አሲድ የሚረጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ፤ ምግብ ሲመጣ ይነቃሉ። ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲድ ካገኘው ይበላሻል፤ ፍሬዎቹ የተለበጡት ለዚህ ነው። ሳይፈርሱ ጨጓራን አልፈው አንጀት ውስጥ ይሟሟሉ። ከዚያ መድኃኒቱ በደም ዞሮ፣ በጓሮ በር እንደሚገባ ሰው፣ ወደ ጨጓራ ይመለስና የነቁትን ፓምፖች ይቆልፋል። ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ የሚዋጠውም ለዚሁ ነው። ሙሉ ኃይሉ እስኪታይ ቀናት ይፈጃል። ለአሁኑ ቃጠሎ የሚሆነው የሚታኘከው አንታሲድ ነው፤ እሱ ፓምፑን አይነካም፣ የተረጨውን አሲድ ብቻ ያለዝባል።

እንደተባልኩት አደረግሁ፤ ቃሩ ጠፋ። እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ደስ ባለኝ! ለወገቤ ብዬ ዲክሎፌናክ እንደምቅም ግን ለማንም አልተነፈስኩም። አንድ ጠዋት ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ። ለካ ጨጓራዬ ቆስሎ ይደማ ኖሯል፤ የቃሩ መጥፋት አዘናግቶኝ ነበር።

ምርመራው ሌላም ጉድ አወጣ፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ። ይህን ባክቴሪያ አግኝተው ከጨጓራ ቁስለት ጋር ያገናኙት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። ማርሻልማ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታሟል! (የኔ ማኪያቶ ምን አላት?) ኦሜፕራዞል ብቻውን አያጠፋውም፤ ከአንቲባዮቲኮች ጋር ተደርቦ ነው የሚሰጠው። እኔም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ዋጥኩ።

አሁን ቁርስ እበላለሁ። ዲክሎፌናኩን ትቻለሁ። ማኪያቶዋን ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገና እየታገልኳት ነው።