ለአፈሩም ጉርሻ አለው
(ከድሬዳዋ ጓሮዎች)

ከደንገጎ ቁልቁል ሲወረድ አየሩ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ይለወጣል። ለደጋው ብርድ የለበስነውን ሹራብ አውልቀን ድሬዳዋ ስንገባ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ሲደርስ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረች ስትሆን፣ የከዚራ ዛፎቿ ጥላ ለእንግዳ የመጀመሪያው መስተንግዶ ነው። ለዛሬው ዓምዳችን የመረጥነው ግን የዛፎቹን ጥላ ሳይሆን፣ ከአጥር በስተጀርባ ያለውን የጓሮ አፈር ነው።

ከደቻቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ያነጋገርናቸው የአምስት ልጆች እናት፣ ወንዙ በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወት የጠፋበትን ጊዜ ሲያስታውሱ ድምፃቸው ይቀንሳል። «እኛስ ተርፈናል፤ ተመስገን። ጎመን እቆርጥበት የነበረው ጓሮ ግን አሸዋ ለበሰ። ጠዋት ያጠጣሁት ቀትር ላይ አቧራ ነው» አሉን።

ፍግ እንዳይጨምሩ፣ በከተማ ከብት የለም፤ በገጠርም ቢሆን ኩበቱ ለማገዶ ይፈለጋል። የተወለዱት በደጋው በመሆኑ፣ የሐረርጌ ገበሬ በማሽላው መካከል ቦሎቄ እንደሚዘራ ከልጅነታቸው ያውቁ ነበር። አንድ የግብርና ባለሙያም ቆላ የሚስማማውንና ካውፒ የሚባለውን የላም አተር ዘርተው፣ ሲያብብ ከአፈሩ ጋር እንዲገለብጡት መከሯቸው። አረንጓዴ ማዳበሪያ የሚባለው ይህ ነው።

ነገሩ የከበዳቸው እዚህ ላይ ነበር። ጎረቤታቸው በአጥር ላይ ሆነው፣ «አቦ፣ የሚበላ እህል ይቀበራል እንዴ? ግፍ አይሆንም?» አሏቸው። እሳቸውም ልባቸው እምቢ አለ። በመጀመሪያው ዓመት ሳይገለብጡት ቀርተው ፍሬውን ለቅመው ለልጆቻቸው ቀቀሉ፤ አፈሩ ግን ያው አሸዋ ሆኖ ቆየ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአተርና በባቄላ ዘመዶች ሥር ላይ በሚታዩት ትናንሽ ጉጦች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ። ጉጡ ሲከፈት ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ተክሉ ፍሬ ከያዘ በኋላ ግን ይህ ሀብት በአብዛኛው ወደ ፍሬው ይሄዳል፤ ግንዱም ይጠነክርና ቶሎ አይበሰብስም።

በሁለተኛው ዓመት መደቡን ለሁለት ከፈሉት፦ ግማሹ ለድስት፣ ግማሹ ለአፈር። የአሠራራቸው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ይዘራሉ። አበባው ብቅ ሲል በማጭድ አጭደው ይከታትፉታል፤ ለወጥ የሚሆነውን ለጋ ቅጠል ግን አስቀድመው ይለቅማሉ። አንድ ቀን ካጠወለጉት በኋላ ከስንዝር ባነሰ ጥልቀት ከአፈሩ ጋር ያገላብጡና ውሃ ያርከፈክፉበታል። ከዚያ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይታገሣሉ። በመበስበስ ላይ ባለው ቅጠል ላይ ወዲያው ቢዘራ ቡቃያው ይጎዳልና።

ያየነው ተአምር አይደለም። ቆላ ውስጥ የበሰበሰው ቅጠል ቶሎ ስለሚያልቅ ሥራው በየዓመቱ መደገም አለበት። የተገለበጠበት ግማሽ መደብ ግን ጠቆር ብሏል፤ በእጅ ሲጨበጥም ይያያዛል። «አሁን የማታው ውሃ እስከ ማግሥቱ ይቆይልኛል» አሉን እኚሁ እናት። በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ብቻ ለሚጥልበት አገር፣ ውሃ ቀድቶ ለሚያጠጣ የሴት ወገብም፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስንሰናበታቸው ጎረቤታቸው ከቀፊራ ገበያ የገዙትን ዘር በመሀረብ ቋጥረው መጡ። «እስቲ አሳዪኝ፤ መቼ ነው የሚቀበረው?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን።

እህቶች፣ ጓሮአችሁ ጠባብ ቢሆን እንኳ ከአንድ መደብ ጀምሩ። ከማዕዳችን ለእንግዳ እናጎርሳለን፤ ዓመት ሙሉ የሚያበላንን አፈር አንድ ጊዜ ማጉረስ ግፍ ሳይሆን ብድር መመለስ ነው።