አፌን የፈታሁበት ደብዳቤ

ሰርግ ቤት ማይክራፎን በያዝኩ ቁጥር አንዱ ጠጋ ብሎ "ይህን አፍ ከየት አመጣኸው?" ይለኛል። እኔ ሳልመልስ ሌላው ይቀድመኛል፦ "የወታደር ልጅ አይደል? ፉከራው በደሙ ነዋ!"

እውነቱን ለመናገር፣ አባየ ሲፎክር ሰምቼው አላውቅም። ሃምሳ አለቃ ነበር፤ እሱ ኤርትራ ግንባር፣ እኛ ደብረ ታቦር። ለፈቃድ ሲመጣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ "እስቲ አንድ በል!" ካለው የደጃች ውቤን ነገር ያነሳል። በ1834 ዓ.ም. ደጃች ውቤ እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ራስ አሊን ገጥመው ድል አደረጉ፤ አሊም ሸሹ። ውቤ ድላቸውን በማክበር ላይ ሳሉ ግን የአሊ ወገኖች ድንገት ደርሰው ባለድሉን ማረኳቸው። "እኔ ደግሞ ጦርነቱን ገና አልጨረስኩም" ይልና አባየ ጠላውን ያነሳል።

ሆያ ሆዬም አላስተማረኝም። ነሐሴ 13 የከተማችን ስም ያለው በዓል ነው (ስሙን የወሰደችው ከተማዋ ናት ይባላል እንጂ፣ ለእኛ ለልጆቹ በዓሉ የወሰደው ከእኛ ነበር)። ጅራፍ በማጮህ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ዜማው ላይ ግን አውራጁ ሌላ ነው፤ እኔ "ሆ!" ከሚሉት ጋር ሆኜ ሙልሙሌን እጠብቃለሁ።

ብቻዬን ሰው ፊት የቆምኩት አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጠዋት ሰልፍ ላይ ግጥም አንብብ ተብዬ ነው። ወረቀቱ እጄ ላይ ይርገፈገፋል። የጉና ነፋስ ነው እንዳልል ባንዲራው ንቅንቅ አላለም። መሃል ላይ መስመሩ ጠፋኝና ሁለት ስንኝ ከራሴ ፈጥሬ ሞላሁበት። ቅዱስ ጴጥሮስም ታቦር ተራራ ላይ ሦስት ዳስ እንሥራ ሲል የሚናገረውን አያውቅም ነበር ይላል ሉቃስ። የደብረ ታቦር ልጅ መሆን ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል።

ያልተጻፈውን እንደተጻፈ አድርጎ ማንበብን ግን የዚያን ቀን አልጀመርኩትም። ድሮ የለመድኩት ነው።

የአባየ ደብዳቤ በሰው እጅ ነበር የሚመጣው። እማየ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራለች፤ የአባየ እጅ ጽሑፍ ግን እሩምታ ተኩስ ይመስላልና አንባቢው እኔ ሆንኩ። ደብዳቤ መጣ ከተባለ ቡና ይፈላል፣ ቤቱ ይሞላል። ከመጡት ብዙዎቹ ልጅ ወይም ባል ዘማች ስለሆነባቸው "የእኔንስ አይቶት ይሆን?" እያሉ ነው የሚያዳምጡት። የወረቀቱ እኩሌታ ሰላምታ ነው፦ ለእገሌ፣ ለእገሊት፣ ለመላው ጎረቤት። አንድ ቀን የአጥር ጎረቤታችን ስም ተረሳ። ስሞቹ እያለቁ ሲሄዱ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲጠቀልሉ አየሁና "ለእትየም ባሉበት ሰላምታየ ይድረስልኝ" ብዬ ጨመርኩላቸው። እንዴት እንዳለቀሱ! እስከ ዛሬ ካደረግኳቸው ንግግሮች ያን ያህል የተዋጣልኝ የለም።

መጨመር ከተቻለ መቀነስም ይቻላል። በሌላ ጊዜ በጤና ይስጥልኝና በላሟ ጉዳይ መካከል "እግሬን ተመትቼ ሆስፒታል ነኝ" የሚል መጣ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ እማየ ከኋላዬ ቆማ ሲኒ ታለቃልቃለች። ዘለልኩትና ወደ ላሟ ገባሁ፦ ወልዳ እንደሆነ፣ ጥጃው ምን እንደሆነ። ድምፄ ውልፍት አላለም። እንዲያውም ጥጃው ላይ ሰዉ ሳቀልኝ።

እማየ በረካውን አዳረሰች። ተመረቀች። እንግዶቹን አንድ በአንድ እስከ ደጅ ሸኝታ ተመለሰች፣ በሩን ቀረቀረች፣ ከፊት ለፊቴ ዱካ ስባ ተቀመጠች።

"በል እንግዲህ" አለችኝ፣ "የዘለልካትን አንብብልኝ።"