ማሸጊያው የማን ነው?

መርካቶ ላይ ወደ ክፍለ ሀገር የሚጫን ዕቃ በጆንያ የሚጠቀለለው እዚያው ተራው ላይ ነው። ፋብሪካው ዕቃው ደሴ ይሂድ ጅማ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። መንገዱን የሚያውቀው አሻጊው ነው።

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሰዎች የሚከራከሩበትም ይህንኑ ነው። «አቢሲኒካ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት የሠራው ኤስ አይ ኤል ነው፤ ዴቢያን ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው የሚደርሰው ግን የዴቢያን በጎ ፈቃደኞች ባሸጉት ጥቅል ነው። ፎንት ካልደረሰ ስክሪኑ ላይ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል።

የማሸጊያው መመሪያ «ዴቢያን» በሚባል ማህደር ይቀመጣል። ሠሪው ይህን ማህደር ከኮዱ ጋር አብሮ ከለቀቀው፣ ሁለት የሚጣረሱ መመሪያዎች ይፈጠራሉ፤ የትኛው እንደሚሠራም ያደናግራል። ዴቢያን እንዲያውም «3.0 ኩይልት» በሚለው አሠራሩ ከሠሪው የመጣውን ማህደር አስወግዶ የራሱን ይተካል። ታዲያ የሚጣል ነገር ለምን ይላካል?

ሠሪውና አሻጊው አንድ ሰው ሲሆን አንድ ላይ ማስቀመጡ ይቀላል፤ ይህ እውነት ነው። ያኔም ቢሆን ለብቻው ቅርንጫፍ ላይ ቢያደርገው ይሻላል። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ለፌዶራ ላሽገው ቢል፣ ዋናውን ኮድ ሳይነካ ሥራውን ይጀምራል።