ፈረሱ በዛ፣ ልጓሙ ጠፋ

ከዜሮ ተነሥቶ በ4 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚደርስ አውቶሞቢል በሩ ላይ ያቆመ ሰው፣ በሚቀጥለው ሞዴል ምን እንዲጨመርለት የሚመኝ ይመስላችኋል? ሌላ መቶ የፈረስ ጉልበት እንዳትሉኝ። እሱን የሚመኘው ገና ያልገዛው ነው፤ ፎቶውን ግድግዳ ላይ የለጠፈው ጎረምሳ። የገዛው ሰውዬ ወሬው ሌላ ነው፦ ስለ መሪው፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ክብደቱ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ቁልፍ የት እንደገባ። ልብ ብላችሁ ካዳመጣችሁት ደግሞ፣ ከሚጠይቀው አብዛኛው ድሮ የነበረው፣ ሳያማክሩት የወሰዱበት ነገር ነው።

የማወራው ስለ ስፖርት ሴዳን ነው። አራት በር አለው፤ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ቅዳሜ ጠመዝማዛ መንገድ ሲያገኝ ደግሞ የአምሳ ዓመቱን አባወራ እንደ ልጅ ያስፈነድቃል። ቢኤምደብልዩ ኤም3፣ መርሴዲስ ሲ63፣ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ኳድሪፎሊዮ የዚህ ቤት ልጆች ናቸው። ዋጋቸውን ተዉት፤ ቡናው ይመርብናል።

የሲ63ን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ውስጥ አለ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።) የመጀመሪያው በ2008 ገበያ ሲወጣ ከኮፈኑ ሥር 6.2 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ነበረው። አፋልተርባክ በምትባል የጀርመን ከተማ አንድ ባለሙያ ሞተሩን ብቻውን ከጅምር እስከ ፍጻሜ ገጣጥሞ ፊርማው ያለባትን ሰሌዳ ይለጥፍበታል። ሲነሣ ሰፈሩ ይነቃል። ሰዎች ገንዘባቸውን የከፈሉት ለዚያ ነበር። በ2022 አዲሱ መጣ። ስሙ ያው ሲ63 ነው፤ ከኮፈኑ ሥር ግን 2 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር፤ ከኋላ ደግሞ ባትሪና ኤሌክትሪክ ሞተር። ሁለቱ ተደምረው 680 የፈረስ ጉልበት ያወጣሉ፤ ከእሱ በፊት የነበረው ኃይለኛው 510 ነበር። እስከ 100 ለመድረስ 3.4 ሰከንድ ይበቃዋል። ወረቀት ላይ ልጁ አባቱን ረታው። ክብደቱ ግን ከ2,100 ኪሎ አለፈ፤ ባትሪው ደግሞ ብቻውን የሚያስኬደው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የድሮዎቹ ባለቤቶች አይተው፣ ዞረው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ድምፁስ?»

መሐንዲሶቹን ለመስደብ አትቸኩሉ። የአውሮፓ ኅብረት አንድ ፋብሪካ የሚሸጣቸው መኪኖች በአማካይ ከተፈቀደው በላይ ካርቦን ካወጡ፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ግራም በእያንዳንዱ መኪና 95 ዩሮ ያስቀጣል። ኬብል የሚሰካበት ባትሪ ያለው መኪና በፈተናው ወረቀት ላይ ትንሽ የሚያጨስ ሆኖ ስለሚመዘገብ ያቺ ባትሪ ለባለቤቱ ሳይሆን ለፋብሪካው ሒሳብ ትሠራለች። ባለቤቱ ግን ሒሳብ አልገዛም።

ቢኤምደብልዩም ያው ነው። የመጀመሪያው ኤም5 በ1985 ሲታይ ከ1,400 ኪሎ ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ 286 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ2024 የወጣው ባለ ባትሪው 727 የፈረስ ጉልበትና 2,435 ኪሎ ይዞ መጣ። የአንድ ቶን ጭማሪ! ወደፊት ሲወረወር ጉልበቱ ክብደቱን ይሸፍንለታል። ፍሬን ሲያዝና መንገዱ ሲታጠፍ ግን ክብደት መደበቂያ የለውም፤ ጎማ ይበላል፣ የፍሬን ሸራ ይበላል፣ የነጂውንም ድፍረት ይበላል።

እዚህ ላይ ባለቤቶቹንም ልነካካቸው፤ ንጹሐን አይደሉም። «ቀላል መኪና ሥሩልን» እያሉ ሲያዝዙ ግን የሚሞቅ ወንበር፣ የመስታወት ጣሪያ፣ እስከ ጆሮ ግንድ የሚሞላ ስፒከር፣ ምንም አይቀራቸውም። ፋብሪካው ቃላቸውን አምኖ ለኤም3 ከካርቦን የተሠራ ወንበር አቀረበላቸው፤ ወደ 10 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። በሁለቱ ጭን መካከል ጉብ ያለ ነገር ስላለው ግን ሲገቡም ሲወጡም ወገብና ክብር አብረው ይፈተናሉ። ቅሬታው ወዲያው ተነሣ። አሁን ፋብሪካው የቱን ይስማ?

በመሪው ጉዳይ ግን ከባለቤቶቹ ጋር ነኝ። ድሮ መሪውን የሚያግዘው በሞተሩ ቀበቶ የሚዞር የዘይት ፓምፕ ነበር። ጎማው አሸዋ ሲረግጥ፣ ሊንሸራተት ሲል፣ ወሬው በዘይቱ በኩል እስከ መዳፍ ይደርስ ነበር። ኤም3 በ2014 ወደ ኤሌክትሪክ መሪ ሲዞር ነዳጅ ተቆጠበ፣ ወሬው ግን ተቋረጠ። የዚያ ዘመን ባለቤቶች እስከ ዛሬ አልረሱም። «ዘመኑ ነው፣ ምን እናድርግ» የሚለውን መልስ አልቀበልም፤ ምክንያቱም ጁሊያ ኳድሪፎሊዮም መሪዋ ኤሌክትሪክ ነው። ጣሊያኖቹ መሪው በጥቂት ዙር ጎማውን ብዙ እንዲያዞር አድርገው ቀልጣፋ ስላደረጉት ከነዷት ብዙዎቹ ያወድሱታል። ስለዚህ ጥፋቱ የኤሌክትሪኩ ሳይሆን የምርጫ ነው።

ማርሽ በእጁ ማስገባት የሚወድም አለ። የአሁኑን ኤም3 ፍሪሲዮን ካለው ካምቢዮ ጋር የሚፈልግ ሰው 480 የፈረስ ጉልበት ያለውን መውሰድ ግድ ይለዋል፤ 510 ያለው አውቶማቲክ ብቻ ነው። ለቅጣት የታሰበ ይመስላል። ሰውየው ግን ሠላሳዋን ፈረስ ጥሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቁልፎቹ እንምጣ። እስቲ አስቡት፤ መስኮቱ ጉም ሲይዝ የአየር ማስገቢያውን ለማዞር ዓይንን ከመንገድ አንሥቶ ስክሪን ላይ መፈለግ! ቴስላ ሞዴል 3ን በ2023 ሲያድስ የፍሬቻውን ዘንግ አንሥቶ መሪው ላይ ሁለት ቁልፍ አደረገው። አደባባይ ውስጥ መሪው ሲዞር ቁልፉም አብሮ ይዞራልና ቀኙ የቱ ነበር ሊባል ነው። በኋላ ዘንጉን መመለስ ጀመረ። ቮልስዋገንም በጣት የሚዳሰሱትን የመሪ ቁልፎቹን ስሙን እንደጎዱት በአለቃው አንደበት አምኖ የሚጫኑትን መለሰ። የመኪኖችን ደኅንነት የሚፈትነው ዩሮ ኤንካፕ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ ክላክስና የዝናብ መጥረጊያ በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ከሌላቸው ሙሉ ነጥብ አልሰጥም ብሏል። እኔ በበኩሌ ለዚህ ውሳኔ አንድ ስኒ አነሣለሁ።

የወንበር ማሞቂያን በወር ክፍያ የማከራየቱንም ነገር ሳልጠቅሰው አላልፍም። ቢኤምደብልዩ በ2022 በአንዳንድ አገሮች ሞከረው፤ ማሞቂያው መኪናው ውስጥ ተገጥሞ ተቀምጧል፣ ለማብራት ግን ክፈል። ጩኸቱ በዛና በ2023 ተወው።

ድምፅን በስፒከር የመሥራትም ልማድ አለ። የ2011ዱ ኤም5 የሞተሩን ድምፅ ከውስጥ በስፒከር ያጎላው ነበር፤ እውነተኛ ሞተር እያለው መሆኑ ነው ሰዎችን ያበሳጨው። ሀዩንዳይ በ2023 ባወጣው አዮኒክ 5 ኤን ላይ ግን ማርሽ የሌለውን ኤሌክትሪክ መኪና ማርሽ የሚቀይር አስመስሎ፣ ድምፅ ሠርቶለት፣ ሊያላግጡበት የመጡትን ሁሉ አሣቃቸው። ጨዋታ መሆኑን አልደበቀማ! ካልፈለጉት ደግሞ በቁልፍ ይጠፋል። በ2025 ያንኑ ዘዴ ወደ ሴዳኑ ወደ አዮኒክ 6 ኤን አምጥቶታል።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል፤ ኢትዮጵያ ከ2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለች የሚቀጥለው ስፖርት ሴዳን አዲስ አበባ ከደረሰ በኤሌክትሪክ ነው የሚደርሰው። እንግዲህ የእኛ ሰው የሚጨምረውን ምኞት እኔ ልናገርለት፦ ስኮርት ጎማ! ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ በስኮርቱ ፋንታ አንድ ጠርሙስ ማሸጊያና ትንሽ የአየር መሙያ ይዘው ነው የሚወጡት። ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ላይ የተለጠፈ ስስ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ በጎኑ ይቀደዳል፤ ጠርሙሱ ምንም አያደርግለትም፣ ጎሚስታውም ልኩን አያገኝለትም።

ፋብሪካ ጆሮ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ይዘገያል እንጂ። ከኋላው ለዕቃ ሰፋ ያለ ኤም3 ለናሙና የተሠራው በ2000 ነበር፤ ሰዎች ለመኑ፣ ወተወቱ፣ ለሽያጭ የወጣው በ2022 ነው። አሁን ቢኤምደብልዩ ለየጎማው አንድ አንድ፣ በጠቅላላው አራት ሞተር ያለው ኤሌክትሪክ ኤም3 እያዘጋጀ ነው። የፈረሱን ቁጥር በትልቁ እንደሚጽፉት አልጠራጠርም። ባለቤቶቹ ግን ወረቀቱን ገልብጠው መጀመሪያ የሚፈልጉት የኪሎውን መስመር ነው፤ ከዚያ የማቀዝቀዣው ቁልፍ የት እንዳለ።