የፋይልህን ነገር አደራ

ማሙሽዬ፣ ወንድሜ፣

እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ «ልጄ በልቶ ያድር ይሆን?» ማለቷን ግን አልተወችም። ብላ፣ እሺ? ሽሮም ቢሆን ብላ።

ባለፈው በስልክ «ማስተማሩን እንጂ ወረቀቱን አልወደውም» አልከኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳብ ይዞኛል። ሆዴ፣ በእኛ ሙያ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ጀማሪ መምህር ነህ። ከዚያ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ እያለ ይሄዳል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ካመጣቸው ነገሮች ይሄኛውን እወደዋለሁ። መምህር ለማደግ የግድ ቢሮ መግባት የለበትም። ጠመኔውን እንደያዘ ማደግ ይችላል። ግን ዕድሜ ብቻ አያሻግርም። የአገልግሎት ዘመንህ ሲሞላ ምዘናህ ይታያል፤ በየመንፈቀ ዓመቱ ርዕሰ መምህሩ፣ ባልደረቦችህ፣ ተማሪዎችህና ወላጆች የሰጡህ ውጤት። በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) አለብህ። የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ደግሞ የሙያ ትውውቅህ ናቸው፤ አማካሪ መምህርህን ጠጋ በል፣ ክፍልህ ገብቶ ሲያይህ አትሽሽ።

አብራኝ ያስተማረችውን የሒሳብ መምህርት ታስታውሳታለህ? ያቺ በፈተና ሰሞን ቅዳሜን ጭምር የምታስተምረው። ከሌላ ወረዳ ተዛውራ ስትመጣ የምዘና ውጤቶቿ ከፋይሏ ጋር አልመጡም። ደረጃዋ ሲደርስ «ውጤትሽ አልተሟላም» አሏት። ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት ሄደች፤ የፈረመላት ርዕሰ መምህር ተቀይሯል፣ ቅጹም የለም። በፌስታል የያዘቻቸውን ፎቶ ኮፒዎች ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋ አይቻታለሁ። ምስክር ወረቀት አለ፣ የምስጋና ደብዳቤ አለ፣ የምዘናው ግን አንድም የለም። ያስተማረቻቸው ልጆች መምህር ሆነው መጥተው በደረጃ ቀደሟት። ማሙሽዬ፣ አንተን እንዲህ ሆነህ ማየት አልችልም።

ስለዚህ እህትህን ስማኝ። የምዘና ውጤትህን ሳታነብ አትፈርም። ፈርመህ ኮፒ ሳትይዝ ከቢሮው አትውጣ። ማመልከቻ ስታስገባ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አጽፍበት። ውጤቱ ካልመሰለህ ዕለቱን ቅሬታህን በጽሑፍ አቅርብ፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ማጉረምረም ማንንም ከፍ አላደረገም። የተሙማ ማህደርህን ሰኔ ላይ በአንድ ሌሊት አትሙላው። ዛሬ ያስተማርከውን፣ ያልገባቸውን፣ የሞከርከውን በዚያው ሳምንት ጻፍ። ለልጆቹም የሚጠቅመው እሱ ነው።

ክረምት ለዲግሪው መመዝገብህንም አትተው። ድካሙን አውቀዋለሁ፤ ሌላው ሲያርፍ አንተ ዶርም ትገባለህ። ቢሆንም ያለ እሱ መንገዱ ያጥርብሃል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ደረጃህ ቢዘገይ ንዴትህን ልጆቹ ላይ እንዳትወጣው። አድገህም ገንዘቡ የበጀት ጥያቄ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ለነጥብ ብለህም ማንንም ደጅ አትጥና። አባዬ ባስተማረበት ክፍል ነው የቆምከው፤ ስሙን ደህና አድርገህ ያዝ።

ከገና በፊት የዘንድሮ ቅጾችህን ሁሉ ኮፒ አድርገህ በሚመጣ ሰው ላክልኝ። እዚህ በእማዬ ሳጥን አስቀምጥልሃለሁ። ሳትልክ እንዳትቀር፣ በሞቴ።

እህትህ